«ጨረስኩ» ወይስ «አለቀብኝ»፦ በኮሎምበስ ከወንድሜ ጋር የተጣላሁበት ሳምንት

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ጎረቤቶቼ ስለ አሜሪካ ፎቅና ስለ መንገዱ ስፋት ሊሰሙ መጥተው፣ እኔ ስለ አንዲት የክኒን ብልቃጥ ሳወራባቸው ቅር ብሏቸው ሄደዋል። ፎቅ ሳላይ ቀርቼ አይደለም። ኮሎምበስ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ ናትና ፎቅ ሞልቷታል። ግን ሦስት ሳምንት ሰንብቼ በልቤ የቀረው የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ያንን ሳምንት ደግሞ ያሳለፍኩት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስጣላ ነው።

ዘነበች እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቼ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከቤት ቤት እየዞርኩ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ የያዘው ልጅ በቤቱ አለ?» ስል ነው የኖርኩት። ሁለት ጊዜ ውሻ ነክሶኛል፣ አንድ ጊዜ ምራት ሊያደርጉኝ የፈለጉ ሽማግሌ ግቢያቸውን ቆልፈውብኛል። ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ ለመጠየቅ ብዬ ያልሄድኩበት አገር ላይ ትልቁን ጥያቄ ጠየቅሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ማክሰኞ ማታ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአርሲ ነጌሌ አስመጥቼ በገዛ እጄ ያነጠርኩት ሦስት ኪሎ ቅቤ ነበረ። ወንድሜ ጋሽ መኮንን ቅቤ ይወዳል። ልጅ ሆነን እናታችን ገበያ ስትሄድ ከቅቤው ማሰሮ በጣቱ እየዛቀ ይልስ ነበር፤ የምገረፈው ግን እኔ ነበርኩ።

በአውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ዲቪ ደርሷት የምትሄድ ናት። ምግብ በመጣ ቁጥር «እትዬ፣ ይሄ ይበላል?» ትለኛለች፤ እኔም እንደሚያውቅ ሰው «ብዪው» እላታለሁ። ሁለታችንም ስኳር መስሎን ሻያችን ላይ የነሰነስነው ቁንዶ በርበሬ ነበር። እያስነጠስን ውቅያኖስ ተሻገርን።

ረቡዕ

ዋሽንግተን ስንደርስ ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። ጓንት ያጠለቀው ጎረምሳ ፖሊስ የቅቤውን ጣሳ ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አኮማተረ። በእንግሊዝኛዬ «የምግብ ሽታ ነው፤ ኮረሪማ ነው፤ ወንድሜ ናፍቆታል» ብዬ ለመንኩት። ይቅርታ ጠየቀኝና ትልቅ በርሜል ውስጥ ከተተው። ሦስት ኪሎ! ኮሎምበስ እስክደርስ በልቤ እረግመው ነበር። ዛሬ ባገኘው ግን ግንባሩን ስሜ እመርቀው ነበር።

ጋሽ መኮንን ኤርፖርት ሲያቅፈኝ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ያፏጭ ነበር። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። አባታችን ስልሳ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ምንም ሳያመው፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ተደፍቶ ነው የሞተው። ያኔ «ምች መታው» ተባለ። ወንድሜ ሻንጣዬን ይዞ ወደ ቤቱ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። አንዴ ስለ ዝናቡ አወራኝ፣ አንዴ ስለ ጎረቤቱ መኪና። እኔ ግን የሚያወራው ለማረፍ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ አባታችንም ዳገት ላይ ወሬኛ ይሆን ነበር።

ቤታቸው ሊንደን በሚባል ሰፈር ነው። የእንጨት ቤቶች፣ ከፊት ለፊታቸው በረንዳ፣ ጥግ ላይ የክሊቭላንድ ጎዳና አውቶቡስ። እንደኛው ሐዋሳ የመኪና ጥሩምባ የለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ግን እንደኛው በበረንዳ ይተያያል። የወንድሜ ሚስት አስቴር ዱለትና ጎመን በሥጋ ሠርታ ጠበቀችኝ። ቅቤው በርሜል መግባቱን ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

«ዘኑዬ፣ አንቺ ደርሰሽልን ቅቤው ቢቀር ምን አለ! ለሱም በዝቶበት ነበር» አለች።

«እኔ ምንም አልበዛብኝም» አለ ጋሽ መኮንን፣ ዱለቱን በትልቁ እየጠቀለለ። «ኮሌስትሮል ነበረብኝ፤ ጨረስኩት።»

የሚጨረስ ኮሌስትሮል ሰምቼ አላውቅም። ግን እንግዳ ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ዱለቱም ይጣፍጣል። ሌላ ጉርሻ ጠቀለልኩ።

ሐሙስ

ሁለቱም ሥራ ሄደው ብቻዬን ዋልኩ። ሻይ ላፈላ ቅርንፉድ ስፈልግ በቁም ሳጥኑ ውስጥ ብርቱካናማ የክኒን ብልቃጥ አገኘሁ፤ ውስጡ ቅርንፉድ ነው። ሴት ልጅ ብልቃጥ አትጥልም፣ እኔም ቤቴ ሞልቶኛል። ግን ሃያ ሁለት ዓመት «ካርዱን ያሳዩኝ» ስትል የኖረች ሴት ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም። የወንድሜ ስም አለ። የክኒኑ ስም አለ፤ በደም ውስጥ ያለውን ስብ የሚቀንሰው ነው። «በየቀኑ ማታ አንድ» ይላል። ሪፊል፣ ማለትም ሐኪም ሳያይህ ደግመህ መውሰድ የምትችልበት ቁጥር፣ ዜሮ ይላል። ቀኑ ዓመት ሊሞላው ነው።

ማታ ሲመጣ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። አስቴር ገና ከሥራ አልገባችም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅርንፉድ።»

«ከቅርንፉዱ በፊት?»

«ነገርኩሽ አይደል፣ ጨረስኩት። ዶክተሩ ‹ዩ አር ጉድ› አለኝ፣ በቃ። አንቺ ደግሞ እንግዳ ሆነሽ መጥተሽ ኢንስፔክሽን ታደርጊያለሽ?»

ከዚያ ፊቱን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረና ስለ ሌላ ነገር አወራ። በማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት የተለጠፈ ደብዳቤ ነበር፤ ቤታቸው በዕጣ ለአገር አቀፍ የጤና ጥናት መመረጡን፣ ቅዳሜ ጠያቂ እንደምትመጣ የሚገልጽ። እኔ በሕይወቴ ሙሉ በዕጣ የወጣ ቤት ነው ያንኳኳሁት። በዕጣ የወጣ ቤት ውስጥ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ዓርብ

ዓርብ አስቴር ወደ ሥራዋ ይዛኝ ሄደች። ዎርዝንግተን በምትባል በሰሜን በኩል ባለች ንጹሕ ከተማ አንዲት ዘጠና ዓመት የተጠጉ አሮጊት ትንከባከባለች። እኛ አገር እንዲህ ያሉ እናት ስድስት የልጅ ልጅ ይከባቸዋል፤ እዚህ አስቴር ትከባቸዋለች። አሮጊቷ እንግድነቴን ሲሰሙ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ተነስተው፣ አስቴር እየጮኸችባቸው፣ ራሳቸው የፖም ኬክ ቆርሰው ሰጡኝ። ሁለተኛም ጨመሩልኝ። «ብዪ፣ አጥንት ብቻ ነሽ» አሉኝ፤ እናቴ የተነሳች መሰለኝ።

በጠረጴዛቸው ላይ የሰባቱ ቀናት ስም የተጻፈበት የክኒን ሳጥን ነበር። አስቴር የዓርብን ክዳን ከፍታ ክኒኖቹን በመዳፋቸው ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠች። ሦስተኛውን አወቅሁት፤ ብልቃጡ ላይ ያነበብኩት ነው።

«ይሄን እስከ መቼ ነው የሚወስዱት?» አልኳት።

«ላይፍ ታይም ነው» አለች አስቴር፣ ውሃውን እያቀበለች። «ሃያ ዓመት ወስደውታል።»

«ታዲያ ጋሼ እንዴት ጨረሰው?»

እጇ ውሃው ላይ እንዳለ ቆመ። «ሐኪሙ ‹ኮሌስትሮልህ ወርዷል፣ በምግብ ያዘው› ብሎታል። እንደዚያ ነው የነገረኝ» አለች። ካለችው በላይ ልትል የፈለገች መሰለኝ፤ ግን ብርጭቆውን ማጠብ ጀመረች።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ያሰብኩት ስለ ወንድሜ ብቻ አልነበረም። ከዓመታት በፊት በሲዳማ አንዲት እናት የደም ግፊት ክኒን እንደታዘዘላቸው ነግረውኝ፣ አሁንም ይወስዳሉ ወይ ስላቸው «ጨረስኩ ልጄ» ብለውኝ ነበር። እኔ «ሕክምናውን አጠናቃለች» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ውሃቸውን ጠጥቼ ወጣሁ። በዚያ ዓመት ቅጾቼ ንጹሕ ናቸው ተብዬ ተመስግኛለሁ። ጨርሰው ነው ወይስ አልቆባቸው? አልጠየቅኋቸውም። የደም ግፊት እንደ ወባ አይደለም፤ ክኒኑ ያልቃል እንጂ ሕክምናው አያልቅም። ይህን እያወቅሁ ነው ምልክቱን ያደረግሁት። መኪናው ውስጥ በራሴ አፈርኩ፤ ሐፍረቱ ወደ ቁጣ ሲለወጥም ተሰማኝ።

ቅዳሜ

ጠያቂዋ በሰዓቷ መጣች። ሊንዳ ትባላለች፤ ፀጉሯ ሽበት ብቻ የሆነ፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች፣ ጫማዋ የእግረኛ ጫማ የሆነ ሴት። ጫማዋን አይቼ ወደድኳት። አስቴር ዳቦና ሻይ ስታቀርብላት ውሃ ብቻ ተቀበለች፤ እኔም በዘመኔ እንዲህ ነበርኩ፣ ከበላሁ ሰው የሚመልስልኝ እኔን ደስ ለማሰኘት እየመሰለኝ። የኔም ሥራ ይኸው እንደነበረ ስነግራት ዓይኗ በራ። «እናንተንም ውሻ ይነክሳችኋል?» ነው ያለችኝ።

ወንድሜ የሥራ እንግሊዝኛው በቂ ቢሆንም ለሐኪም ነገር አስተርጓሚ ይሻለኛል አለ። ሊንዳ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከየት እንደሚናገር የማይታወቅ ትሑት የወንድ ድምፅ በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ እትዬ» አለ። ጥያቄው ተጀመረ።

«በአጠቃላይ ጤናዎ እንዴት ነው ይላሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ ወንድሜ።

አስተርጓሚው ትንሽ አመነታና በእንግሊዝኛ «በጣም ጥሩ» አለ። ሊንዳ በያዘችው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ መልሱን ነካች። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። ተጠያቂ ሲናገር ሌላ ሰው አይገባም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤትንም አማትንም ከክፍል ያስወጣሁበት ደንብ ነው።

«ሐኪም የደም ኮሌስትሮልዎ ከፍተኛ ነው ብሎዎት ያውቃል?»

«አዎ፣ ድሮ።»

«አሁን ለዚህ መድኃኒት እየወሰዱ ነው?»

«ጨርሻለሁ።»

ከስልኩ «ሕክምናውን አጠናቅቋል» የሚል እንግሊዝኛ ወጣ። ትርጉሙ ስሕተት አልነበረም። የወንድሜ ቃል ነው ስሕተቱ። የሊንዳ ጣት ወደ ሰሌዳው ሲወርድ አየሁ። ወንድሜ በዚያች ጣት ሊድን ነው፤ በወረቀት ላይ ተፈውሶ፣ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ እየቆመ።

«ቆዪ!» አልኩ። ደንቤን አፈረስኩ። «ጋሼ፣ ጨርሰህ ነው ወይስ አልቆብህ?»

አስቴር ከወጥ ቤቱ በር ላይ ማንኪያ ይዛ ቆማለች።

«ምን ልዩነት አለው?» አለ።

«ልዩነቱን አንተ ታውቀዋለህ። ጨረስኩ የሚል ሰው በፈቃዱ ነው። አለቀብኝ የሚል ሰው ተነጥቆ ነው።»

«አንቺ ልጅ!» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «በገዛ ቤቴ፣ በሰው ፊት፣ ገበናዬን ታወጪያለሽ?»

«ገበናው የማን ነው? አንተ ምን አጠፋህ? ሠራህ፣ ታመምክ፣ መድኃኒት ፈለግህ። ይሄ የሚያሳፍር ከሆነ ያስቸገረህ ይፈር! አንተ ስለ ምን ተሸፍነህ ትሞታለህ?»

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄን ልተርጉም?» አለ በአማርኛ።

«ተርጉም!» አልኩት።

ሊንዳ ትርጉሙን ሰምታ እጆቿን ከሰሌዳው ላይ አነሳች። ጠያቂ መልስ አይጠቁምም። ግን ጠበቀች። ጥሩ ጠያቂ የሚታወቀው በሚጠብቅበት ጊዜ ነው፤ እኔ ሲዳማ ላይ አልጠበቅሁም።

ወንድሜ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ እያጠፈና እየዘረጋ ቆየ። ከዚያ ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ አስቴር ዞሮ ተናገረ።

«የቀጠረኝ ኤጀንሲ ከሥራ ሌይኦፍ ሲያደርገኝ የጤና ኢንሹራንሱ ካት አደረገ። አዲሱ የዌርሃውስ ሥራ ኢንሹራንስ አይሰጥም። ክኒኑማ ምንም አይደል፣ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ይረክሳል። ዶክተሩ ብለድ ወርክ ሳትሠራ ሪፊል አላደርግም አለ። ደሙን ለማስመርመርና እሱ ፊት አሥር ደቂቃ ለመቀመጥ የጠየቁኝን ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁ። ግማሽ ግማሽ እየቆረጥኩ አቆየሁት። ከዚያ…» የጨርቁን ጫፍ ለቀቀው። «አለቀብኝ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል እኛ አገር። ለካ ሳይደብቁም ሊታጣ ይችላል፤ ተረቱ እስከዚህ አልደረሰም።

«ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት በዋጋው ምክንያት መድኃኒት ሳይወስዱ ቀርተው ያውቃሉ?» አለ የስልኩ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

«አዎ በላት» አለ ወንድሜ። «ጮክ ብለህ በላት።»

ሊንዳ መዘገበች። ስትወጣ አስቴር በግድ ዳቦውን በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት። በሩ ላይ እጄን ጨብጣ «ሰው እንዲህ ሲመልስልኝ ነው ሥራዬ ሥራ የሚሆነው» አለችኝ፤ ከዚያም ከጎረቤት በረንዳ ላይ ካለው ውሻ ዓይኗን ሳትነቅል ሄደች።

አስቴር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባሏን አላናገረችውም። እራት አቀረበች፣ ውሃ ቀዳች፣ ዓይኑን አላየችም። የተቆጣችው ስለዋሻት መስሎኝ ነበር።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያናቸው በምሥራቅ በኩል ኢስትሙር አጠገብ ነው፤ ፈረንጆቹ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከሰዓት የምንገባበት የኪራይ አዳራሽ። ሐዋሳ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሞልታ ሰው በመስኮት ይሰማል፤ እዚህ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ ሰው እሑድም ሺፍት አለው። የመጡት ግን እንግዳ መሆኔን አውቀው አንዷ ሹራቧን፣ አንዷ ከፊት ያለውን መቀመጫዋን ሰጠችኝ። የአየር ማቀዝቀዣው እንደ ታኅሣሥ ውርጭ ይጋረፋል።

ከመዝሙር በኋላ የምስክርነት ሰዓት ሆነ። አንዱ ግሪን ካርዱ ስለመጣለት አመሰገነ፣ አንዷ ልጇ ከመኪና አደጋ ስለተረፈላት። «አሜን!» «ጌታ ይባረክ!» ወንድሜ ከጎኔ ተነሳ። አልገፋሁትም፤ እንደሚነሳም አላወቅሁም። መሐል መንገዱን ሄዶ ማይኩን ተቀበለ።

«ወገኖቼ፣ ባለፈው ዓመት እዚሁ ቆሜ ኮሌስትሮሌ ወርዷል፣ መድኃኒቴን ጨርሻለሁ ብዬ መስክሬ ነበር። አሜን ብላችሁልኛል።»

«አሜን!» አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ ሳያስበው።

«አሜኑን መልሱልኝ። ዋሽቻችሁ ነበር። መድኃኒቴ አልቆብኝ ነው። መግዣ አጥቼ ሳይሆን ማዘዣውን ለማግኘት የሚከፈለውን አጥቼ። አፍሬ ዝም አልኩ። ትናንት ታናሽ እህቴ በሰው ፊት አዋረደችኝ፤ ጌታ ይባርካት። ነገ የነጻ ክሊኒክ የሚባለው በር ላይ ገና ሳይከፈት እቆማለሁ። ቢመልሱኝ ማክሰኞም እቆማለሁ። ደጃፋቸው ላይ ደርቄ እቆማለሁ እንጂ እንደ አባቴ በዝምታ አልደፋም!»

ፓስተሩ ለስለስ ባለ ድምፅ «ወንድም መኮንን፣ ጌታ ፈዋሽ ነው» አሉ።

«ነው ፓስተር። እስኪፈውሰኝ ግን ክኒኔን እፈልጋለሁ። ጌታ የኔን ነገር ያውቀዋል፤ እነዚህ ናቸው የማያውቁት።» ወደ ሕዝቡ ዞረ። «መድኃኒቱ ያለቀበት፣ የታዘዘለትን ያልገዛ፣ ፈርቶ ደሙን ያልተመረመረ ካለ ይነሳ። ብቻዬን መቆም ሰልችቶኛል።»

ማንም አልተነሳም። ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ አባበለችው። ወንድሜ ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ይታየኛል። ተመልሶ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ከነገ ጀምሮ በምን ዓይን እንደሚያየው እያሰብኩ፣ ይህን ያመጣሁበት እኔ ነኝ ስል፣ ከግራዬ አስቴር ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። እሱን ልትመልሰው የምትሄድ መሰለኝ። አልተራመደችም። በቆመችበት፣ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይኑን አየችው።

«እኔም አንተ በተመረመርክ ቀን ነው የተመረመርኩት» አለች። ያለ ማይክ ነው፣ ግን አዳራሹ ሁሉ ሰማ። «የኔ ደህና ነው ያልኩህ ውሸት ነው። ከአንተ ይብሳል። የአንተ ሕክምና ይቅደም ብዬ የመድኃኒት ማዘዣዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እኔ ‹አለቀብኝ› አልልም፤ ጀምሬው አላውቅም።»

ወንድሜ ማይኩን ዝቅ አደረገ። አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ወንበር ተንኳኳ፣ ከዚያ ከኋላ ሌላ፣ ከዚያ ከየት ከየት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሰው መቁጠር ሥራዬ ነበር። የዚያን ቀን ግን አልቆጠርኩም። የአባቴ ልጅ ሆኜ፣ የስንቱን ሰው ጤና ስመዘግብ ኖሬ የራሴን ደም አንድ ቀን እንኳ ያልተመረመርኩ እኔም ቆሜ ነበር።